ዶሮዎቹ እስኪገቡ

ሰሞኑን ዝናብ ባካፋ ቁጥር ከጓሮዬ የሚነሳው ሽታ ዕድሜው ከሠላሳ ዓመት ያልፋል። የራሰ ጥድ፣ ጭስ የጠጣ ሳንቃ፣ ከሥሩ ደግሞ ስስ የቅቤና የዶሮ ኩስ ሽታ። ጎሮ ያለው ቤቴ ገና አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ብሎኬት፣ ሲሚንቶና የአልሙኒየም መስኮት እንዲህ ዓይነት ሽታ የላቸውም። ሽታው የሚመጣው በአራት ሺህ ሁለት መቶ ብር ከገዛሁት የዶሮ ቤት ነው። ርካሽ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ በንግድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከዋጋው በታች የሚሸጥ ነገር አይቼ «ለምን?» ብዬ ሳልጠይቅ የገዛሁት በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ዕቃው አንድ ነበር።

ዶሮ የማርባቱ ሐሳብ የእኔ አይደለም። ባለቤቴን የሺን አምና ስትሮክ መታት፤ ቀኝ ጎኗ ሰነፈ፣ ምላሷም አብሮ ተያዘ። ያቺ በዋጋ ክርክር ስንቱን የመርካቶ ነጋዴ ላብ በላብ ታደርግ የነበረች ሴት፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ማየት ጀመረች። ሐኪሙ ወደ ጎን ወሰደኝና «የምትንከባከበው ነገር ፈልጉላት፤ ካልሆነ እንዲሁ እየራቀች እየራቀች ነው የምትሄደው» አለኝ። ትልቅ ቴሌቪዥን ገዛሁ፤ ጀርባዋን ሰጠችው። ጽጌረዳ ተከልኩ፤ አላየችውም። ስምንት ወር እንዲህ ሄደ። ከዚያ አንድ ጠዋት ግራ እጇን ወደ ጓሮ ዘርግታ «ዶሮ» አለች። አንድ ቃል። እኔም እንደ ሞኝ «ዶሮ ወጥ አማረሽ?» አልኳት። በዓይኗ ሰደበችኝ። ያንን ስድብ ስምንት ወር ሙሉ አላየሁትም ነበርና፣ ኩሽና ገብቼ በመሐረብ ፊቴን ጠረግኩ።

የዶሮ ቤት ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ቦሌ አንድ የሚያብረቀርቅ ሱቅ ነው። ከውጭ የመጣ፣ ጣሪያው አረንጓዴ፣ መስኮት ሁሉ ያለው ቤት አሳዩኝ። «ጋሼ፣ ይሄ በጣም ሞደርን ነው፤ ኢዚሊ ይታጠባል፣ ቬንቲሌሽኑ ፐርፌክት ነው» አለችኝ ሻጯ። ዋጋው ሠላሳ ስምንት ሺህ ብር። «ስንት ዶሮ ይይዛል?» «ስድስት።» «እንግዲያው የኔ ልጅ፣ ዶሮዎቹ ሳሎን ይደሩና እኔ እገባበታለሁ» አልኳት። «ኖ ጋሼ፣ ሲሪየስሊ፣ ዲስካውንት አስደርግልዎታለሁ!» እያለች እስከ በሩ ሸኘችኝ።

ከዚያ ገርጂ ወረድኩ። አንድ ብረት በያጅ ባለ ሦስት ደርብ የሽቦ ሳጥን አወጣልኝ፤ አሥራ ስድስት ሺህ። «አባባ፣ ይሄ ማለት ኮንዶሚኒየም ነው። እንቁላሉ ራሱ ተንከባሎ እጅዎ ላይ ይመጣል።» «እኔ ፎቅ መውጣት ያቃተኝ ሰው ዶሮዬን ፎቅ ላስወጣት?» አልኩት። እጄን ሰድጄ ሽቦውን ዳሰስኩት። ዶሮ ሽቦ ላይ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ቆጥ ትፈልጋለች፣ በጣቶቿ ጨብጣ የምታድርበት እንጨት። ቤቷ ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ፣ ከላይ አየር የሚያስገባ፣ ከታች ድመትና ሽለምጥማጥ የማያሾልክ መሆን አለበት፤ ሌላው ጌጥ ነው። ይህን ማን እንዳስተማረኝ ያን ቀን ትዝ አላለኝም።

ገርጂ ከወረድኩ ደግሞ እግሬ ወደ ድሮው ጥግ ሳይወስደኝ አይቀርም። አሁን መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ቆሞበታል፤ ሥሩ ሰዎች በአንድ ስኒ ማኪያቶ ግማሽ ቀን ይቀመጣሉ። ያኔ የእኔ ግቢ ነበር። የፈረሰ ቤት ዕቃ እነግድ ነበር፤ በር፣ መስኮት፣ ማገር፣ የተጣመመ ቆርቆሮ። ከላይ የሰልባጅ ኮት፣ ከታች ካኪ ሱሪ፣ እግሬ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ ጆሮዬ ላይ እርሳስ። በር በሃያ ብር ገዝቼ በስድሳ እሸጣለሁ። እንቁላል በስሙኒ ነው፤ ዛሬ በሃያ ብር ስገዛ ዶሮዋ አብራ የምትመጣ እየመሰለኝ ዘንቢሌን አያለሁ። ከፊት ለፊቴ ካሴት ቤት ነበረ። ባለቤቱ አንድ ካሴት ከወደደ ቀኑን ሙሉ እሱኑ እየገለበጠ ነው የሚያጫውተው፤ በሳምንቱ መጨረሻ ሰፈሩ በሙሉ፣ የሊስትሮ ዕቃ ተሸካሚው ሳይቀር፣ ያንኑ ዘፈን ሲያጉረመርም ይሰማል። ምሽት ላይ ታክሲዎቹ ወደ መገናኛ ይጣራሉ፤ ከገርጂ በስተምሥራቅ ማሳ ነው፣ ማንም ወደዚያ አይጣራም።

ሥራችን አንድ ሕግ ነበረው። ከሰው ቤት የወጣ ዕቃ ስትገዛ ባለቤቱ ሳይመርቅልህ አትጭንም። ሒሳብህን ከፍለህ ሁለት እጅህን ዘርግተህ ትቆማለህ። ሰውየው «ይባርክልህ፤ እኔ ያየሁበትን ደግ ነገር እይበት» ይልሃል። ያኔ ትጭናለህ። ሰነፉም ሌባውም ነጋዴ ይህን ያከብራል። ለሰው ልጅ ቤት ክብር ይሁን ወይ ፍርሃት አላውቅም፤ ብቻ ያልተመረቀ በር ግቢያችን አይገባም ነበር። እኔ አንድ አስገብቻለሁ።

ወደ ዶሮ ቤቱ ልመለስ። በአራተኛው ቀን ከጎሮ ወደ ሰሚት በሚወስደው መንገድ ዳር ገመቹ የሚባል አናጢ ዘንድ ቆምኩ። ከአሮጌ እንጨት የውሻ ቤት፣ በርጩማ፣ የዶሮ ቤት ይሠራል። ሌሎቹ ሰባትና ስምንት ሺህ ሲሆኑ አንዱ አራት ሺህ ሁለት መቶ ነው። ፊቱ ከወፍራም የጥድ ሳንቃ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ውስጡ ቆጥ ያለው። ልክ እጄ የሚፈልገው። «ምስጥ አይደፍረውም አባባ፣ የጥንት እንጨት ነው» አለ። ሦስት ሺህ ብል ምን እንደሚል እያሰብኩ ሳላስበው እጄ ኪሴ ገባ። ልማዴ ነውና እጄን ዘርግቼ «መርቅልኝ» አልኩት። ሳቀ። «ይባርክልዎት አባባ! ዛሬ እንዲህ የሚል ሰው አለ?»

ስድስት ዶሮዎች ገዛን። ሁለት ነጭ፣ ሦስት ገብስማ፣ አንዲት ቀይ አንገተ መላጣ። የሺን ከነወንበሯ መስኮቱ ጋ አስጠጋኋት። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ወደ ቦሌ ሲያልፍ ስድስቱም ጭልፊት የመጣ መስሏቸው መሬት ላይ ልጥፍ ሲሉ፣ ግራ ከንፈሯ ወደ ላይ ተሳበ። ፈገግታ ነው፤ ግማሹ ብቻ ስለሚሠራ ነው እንጂ።

ዶሮ ሲመሽ ማንም ሳይነግራት ወደ ቆጧ ትሄዳለች። የእኛዎቹ ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ተሰልፈው የዶሮ ቤቱ ፊት ቆሙ። አይጭሩም፣ ድምፅ አያሰሙም። አንገታቸውን አቅንተው በሩን ያያሉ። ቢሮ ደጃፍ ላይ «ይግቡ» እስኪባል የሚጠብቅ ባለጉዳይ ታውቃላችሁ? እንደዚያ። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩላቸው፤ ቆሙ። እህል ውስጥ በተንኩ፤ ቆሙ። በመጨረሻ አንድ በአንድ አንስቼ አስገባኋቸው። በነጋታውም እንዲሁ። በሦስተኛውም ቀን። እንቁላል የሚባል ነገር የለም፤ ጥሬ መልቀም ቀነሱ፤ አንደኛዋ ነጭ ክንፏን ጣለች። በሦስተኛው ምሽት የሺ ቀስ እያለች ፊቷን ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ስትመልስ አየኋት። እነዚህ ዶሮዎች ከሞቱ ማን ተከትሎ እንደሚሄድ ያኔ ገባኝ።

በማግስቱ ገመቹ ዘንድ ሄድኩ።

«አንተ ሰው፣ ምንድነው የሸጥክልኝ?»

አንገቱን አከከ። «አልገቡም?»

«አሃ! ታውቅ ነበር ማለት ነው!»

«ሁለት ሰው ገዝቶ መልሶልኛል አባባ። እንጨቱ ምንም አልሆነም፣ ለእርስዎ ይገባሉ ብዬ ነው እንጂ... ብርዎን ልመልስልዎት?»

«እንጨቱን ከየት አመጣኸው?»

«ከገርጂ። አንድ የድሮ ጠጅ ቤት ሲፈርስ በሩን ገዝቼ ቆረጥኩት።»

ብሬን አልተቀበልኩም። በሩን ለዚያ ጠጅ ቤት የሸጥኩት እኔ ነኝ። ቤቴ ተመልሼ በካፊያው ውስጥ ጎንበስ አልኩ። ሽታው መጀመሪያ መጣ፤ ቀጥሎ ዶሮዎቹ የሚገቡበትን ክብ ቀዳዳ አየሁት። በላዩ የተንጠለጠለው ክዳን ከቲማቲም ጣሳ የተቆረጠ ነው፤ ማጠፊያው የበሬ ቆዳ፣ የተመታው በሁለት የፈረስ ጫማ ሚስማር። እኔ ገመቹ ሠርቶት መስሎኝ ነበር። ገመቹ ያገኘው እንደዚያው ነው። ያንን ክዳን በዓይኔ ሲከፈትና ሲዘጋ አይቼዋለሁ፣ የሰሚት ሕንፃዎች የቆሙበት ቦታ ገና የስንዴ ማሳ በነበረ ጊዜ።

አዴ ወርቄ ይባሉ ነበር። ባላቸው የሞተባቸው፣ ስድሳ የተጠጉ ገበሬ፤ ወንድማቸው ነው አብሯቸው የሚኖረው። መሬቱ ለሕንፃ ሊወሰድ ተለክቶ ነበር፤ ስለዚህ ወንድምየው ቤቱ ሳይፈርስ የሚነቀለውን ነቅሎ መሸጥ ፈልጎ ጠራኝ። በሩን ልለካ በሄድኩ ቀን አዴ ወርቄ በቅል አሬራ ሰጡኝና ስለ ዶሮ አወሩኝ። ዶሮዎቹ የሚያድሩት ከሳቸው ጋር ነው፤ ከምድጃው በላይ ቆጥ አላቸው። ሲመሽ በጣታቸው አንጓ በሩን ሦስት ጊዜ ቆርቆር ያደርጉታል፤ ዶሮዎቹ በበሩ ሥር ባለችው ክብ ቀዳዳ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ እሳቸው በኦሮምኛ ይቆጥሯቸዋል። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን፣ ጀአ።» ስድስት። ከዚያ ክዳኑን ይቀረቅራሉ። «ሳልጠራት የገባች ዶሮ የለችኝም» አሉኝ። እኔ ሳንቃውን በእጄ እየለካሁ በልቤ ስድሳ ብር፣ ምናልባት ሰባ እላለሁ። ወንድምየው የጠየቀኝ ስምንት ብር ነው። ለምን እንዲህ ረከሰ አላልኩትም።

በማግስቱ ጋሪ ይዤ ሄድኩ። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይይዛል፤ ባለ ጋሪው «ሳይመሽ እንውጣ፣ በቅሎዬ ትሰበራለች» እያለ ይነዘንዘኛል። ወንድምየው ስምንት ብሩን ተቀብሎ ጠፋ። አዴ ወርቄ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። አልጮኹም፣ አልተሳደቡም። «ወንድሜ ነው የሸጠው፣ እኔ አልሸጥኩም። ቢሆንም ውሰደው» አሉኝ። «ግን ዶሮዎቹ እስኪገቡ ጠብቅ። ትንሽ ነው የቀራቸው።»

ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ግማሽ ሰዓት! ከዚያ ወዲህ ስንቱን ግማሽ ሰዓት በሻይ ቤት ወንበር ላይ ጥዬዋለሁ። «ሌላ ቀጠሮ አለብኝ እናቴ» አልኩና በሩን ከማጠፊያው ነቀልኩት። ጋሪው ጋ አስደግፈን ዞር ስል ዶሮዎቹ ከማሳው ደርሰዋል። በሩ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኖ ቤቱ ተከፍቷል፤ እነሱ ግን ፊቱ ተሰልፈው ቆመዋል። ስድስቱም አንገታቸውን አቅንተው። አዴ ወርቄ ጣታቸውን አንስተው የሚያንኳኩት ነገር አጥተው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አጉል ልማድ ሆኖብኝ እጄን ዘርግቼ «ይመርቁልኝ» አልኩ። አዩኝ። ምንም አላሉም። ጫንኩና ሄድኩ።

ይህን እያሰብኩ በማግስቱ ገርጂ ዋልኩ፤ ጠጅ ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ ቆሜ። መልስ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ፤ ቤት ስደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፏል። ዶሮዎቹን የሚያስገባቸው ሰው ስለሌለ ቀጥታ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ደጁ ላይ አንድም ዶሮ የለም። ክዳኑ ተዘግቷል፤ ከውጭ ተቀርቅሯል። በስንጥቁ አጮለቅኩ፤ ስድስቱም ቆጣቸው ላይ ናቸው። የግቢው በር እኔ በወጣሁበት ቁልፍ እንደተቆለፈ ነው።

«የሺ፣ ሰው መጥቶ ነበር?»

ፊቷ ወደ መስኮቱ ነው። «ሴትዮዋ» አለች። ቀስ ብላ፣ ቃሉን እየገፋች። «ሴትዮዋ... ዘጋችው።»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

«ነጠላዋን... ወገቧ ላይ ያሰረችው።»

ከታመመች ወዲህ ይህን ያህል ቃል አልተናገረችም። ልደሰት ይሁን ልፈራ አላወቅሁም፤ ሁለቱንም አደረግሁ። ስለ አዴ ወርቄ በትዳር ዘመናችን አንድ ቀን እንኳ አልነገርኳትም። ያፈረበትን ገበያ ለሚስቱ የሚያወራ ነጋዴ አላውቅም።

ሰው ከመሬቱ ሲነሳ አድራሻው ይጠፋል፤ እድሩ ግን አይጠፋም። የዚያ መንደር ሰዎች ሰሚትም ገቡ ጎሮ፣ እስከ ዛሬ የሚቀባበሩት በአንድ እድር ነው። የእድሩን ጸሐፊ ጠይቄ በሁለተኛው ቀን አገኘኋቸው። አዴ ወርቄ በሕይወት አሉ፤ ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ልጃቸው ጫልቱ ዘንድ። ደረጃውን ሁለት ቦታ አርፌ ወጣሁ። ጫልቱ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ፊቷ የደከመ ሴት ናት። የመጣሁበትን ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ዶሮ ነው ያሉት?» አለች። «ስድስት?»

«ስድስት።»

«በሞትኩት! ከአንድ ሳምንት ወዲህ ሲመሽ ከወንበሯ ላይ የወንበሩን ክንድ ቆርቆር ታደርጋለች፣ ትቆጥራለች። እማዬ እዚህ ዶሮ የለም፣ አራተኛ ፎቅ ነን እላታለሁ። አትሰማኝም። አእምሮዋ ሄደ ብለን ለጸበል ልንወስዳት ነበር።»

አዴ ወርቄ ዓይናቸው ፈዟል፤ ሰውነታቸው አንሶ ወንበሩ ሰፍቷቸዋል። ነጠላቸው ወገባቸው ላይ ታስሯል። ገና «እንደምን ዋሉ» ሳልል ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«ዘገየህ» አሉ።

«አዎ እናቴ። ሠላሳ ዓመት።»

«አንገተ መላጣዋ ታስቸግራለች። ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የምትገባው።»

ጫልቱ አየችኝ። ስለ አንገተ መላጣዋ ለማንም አልተናገርኩም። አውሮፕላን ከላያችን ሲያልፍ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ አሮጊቷ አንገታቸውን ትንሽ ቀበር አደረጉ፣ ልክ እንደ ዶሮዎቹ።

«በሩን ላምጣልዎት?» አልኳቸው። «ቆርጠውታል፤ ግን የቀረውን አመጣዋለሁ።»

«የት ላስቀምጠው? ይህ ቤት የብረት በር ነው ያለው፤ ቢንኳኳ ጎረቤት ይቆጣል።» ድዳቸውን አሳይተው ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ ጠፋ። «እዚያው ይሁን። ዶሮዎቹን አንተ አትንካ። እኔ አስገባቸዋለሁ።»

ከወንበራቸው ፊት ቆሜ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለግሁት፤ ለራሴ አልነበረም። «ባለቤቴ ታማብኛለች። ዶሮዎቹ ከሞቱ እሷም አትቆይም። ይመርቁልኝ።»

«አልሸጥኩልህም» አሉ። «አውሼህ ነው። ዶሮዎቼን አስገብቼ ስጨርስ አስታውቅሃለሁ። ያኔ እመርቅልሃለሁ።»

የስልክ ቁጥሬን ለጫልቱ ትቼ ወጣሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዶሮ ቤቱን አልነካሁም። ሲመሽ ከየሺ ጎን እቀመጣለሁ። ዶሮዎቹ ይመጣሉ፣ ይሰለፋሉ፣ ይጠብቃሉ። ክዳኑ ሲዘጋ አንድ ቀን በዓይኔ አላየሁም፤ አውሮፕላን ቀና ብዬ ሳይ፣ ወይም ሻይ ልቀዳ ዞር ስል ነው የሚዘጋው። የሺ ግን ታያለች። «መጣች» ትለኛለች። ሌላ ቀን ደግሞ «ዛሬ ደክሟታል» አለችኝ። ዶሮዎቹ እንቁላል ጀመሩ። የሺ በግራ እጇ ጥሬ መበተን ጀመረች፤ ከዚያ በከዘራ እስከ ደረጃው። ቃላቷ እየተመለሱ ነው፤ ይኸው ባለፈው ሳምንት የዶሮ መኖ በውድ ገዛህ ብላ ሙልጭ አድርጋ ሰደበችኝ፣ በሙሉ አፏ። እኔም ከአፌ ቃል ሳላወጣ ምስጋናዬን አቀረብኩ፤ ለማን እንደሆነ እያወቅሁ።

ትናንት ዝናቡ ከሰዓት በኋላ አቆመና ሽታው ጓሮውን ሞላው፤ እንደ ትናንቱ ጠንክሮ አያውቅም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ዶሮዎቹ ተሰለፉ። ሻይ ቀድቼ ተመለስኩ፤ ቆመዋል። አውሮፕላን አለፈ፤ ቀና ብዬ አይቼ መለስኩ፤ ቆመዋል። ክዳኑ ክፍት ነው። ብርሃኑ ሲያንስ ነጮቹ ብቻ ይታዩኝ ጀመር።

የሺ ከወንበሯ ተነሳች። ከዘራዋን አልያዘችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች፤ በቀኝ እጇ፣ ያ ስንት ወር ጭኗ ላይ ተኝቶ በነበረው እጇ ጭምር። ደረጃውን ወረደች። «የሺ!» ብላት አልዞረችም። የዶሮ ቤቱ ፊት ደርሳ ጎንበስ አለችና በጣቷ አንጓ ሳንቃውን ሦስት ጊዜ ቆርቆር አደረገች።

ነጮቹ ገቡ። ገብስማዎቹ ተከተሉ።

«ቶኮ» አለች የሺ። «ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን...»

የሺ ኦሮምኛ አታውቅም። አርባ አምስት ዓመት አብሬያት ኖሬአለሁ፤ አንድ ቃል አታውቅም።

አንገተ መላጣዋ መጨረሻ ገባች። «ጀአ።» ክዳኑን ዘጋች፣ ቀረቀረች፣ ቀና አለች፤ ወደ እኔም ዞረች። ፊቱ የእሷ ነው፤ ድምፁ ትንሽ ያረጀ ነበር።

«ይባርክልህ» አለችኝ። «እኔ ያየሁበትን ደግ ነገር እይበት።»

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ጫልቱ እንደሆነች፣ ምን ልትነግረኝ እንደደወለችም ሳላየው አውቄዋለሁ። ቶሎ አላነሳሁትም። ሳላስበው ሁለት እጄን ዘርግቼ ቆሜ ነበር።